ማለዳን ያዘዘው ንጉሥ

አንድ የህንድ ንጉሥ ሚስቱ ከሞተችበት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን አላለቀሰም፤ ንጉሥ እንዴት ያለቅሳል ብሎ ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ታዲያ ሳቁም አብሮ ጠፋ። ልጁ ልትዳር አንድ ቀን ሲቀራት፣ “አባቴ፣ ፊትዎ ሳይፈታ ትቼዎት አልሄድም፤ ሠርጉ ይቅር” አለችው።

ንጉሡ ጨነቀው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲታር የሚሉትን ባለ ክር መሣሪያ የሚደረድረውን ሽማግሌ ማድሃቭን አስጠርቶ፣ “ያንን ልብ የሚያስፈነድቀውን የማለዳ ራጋ ተጫወትልኝ!” አለው።

ማድሃቭ ራሱን ነቀነቀ። ራጋ የሚሉት የዜማ ስልት በአገሩ ልማድ የየራሱ ሰዓት አለው። “ንጉሥ ሆይ፣ አሁን እኮ መሽቷል። የምሽቱ ራጋ ደግሞ ሆድ ያባባል።”

“እንግዲያውስ ማለዳ ይሁን!” ብሎ አዘዘ ንጉሡ።

አሽከሮች ተሯሯጡ። መጋረጃው ተዘጋ፤ መቶ መብራት ተለኮሰ፤ እንዲጮህም አንድ ቀይ አውራ ዶሮ መጣ። ዶሮው ግራ ቀኙን አየት አደረገና አንገቱን ክንፉ ሥር ከቶ እንቅልፉን ለጠጠ።

“እሱም አልተታለለም” አለ ማድሃቭ ሳቁን እያፈነ። “ንጉሥ ሆይ፣ ምሽቱን በምሽቱ ዜማ እንሸኘው። ማለዳው ሳያዙት ይመጣል።”

ንጉሡ መላ ሲያጣ እሺ አለ። ሲታሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ጀመረ። የሞተችው ንግሥት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር በሐሳቡ ታየችው። ሁለት ዓመት የታመቀው እንባ ገነፈለ። አሽከሮቹ ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ሲበቃው እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎህ ሲቀድ ማድሃቭ ማንም ሳያዘው የማለዳውን ራጋ ጀመረ። ንጉሡ ዓይኑን ሲገልጥ ደረቱ ቀሎታል። ይሄኔ ያ የተረሳው አውራ ዶሮ ዙፋኑ ላይ ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ “ኩኩሉ!” አለ። ንጉሡ ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ ሳቁን ሰምታ እየሮጠች መጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

“በሉ፣ አሁን ዳሩኝ!” አለችው።

ለሐዘን በሩን የዘጋ ሰው ደስታንም ውጭ ያስቀራል፤ ሁለቱም የሚገቡት በዚያው በር ነውና። እናንተስ ወዳጆቼ፣ አልቅሳችሁ ያልሸኛችሁት ምሽት ይኖር ይሆን?