አፈር የለበሰው ዛጎል

ምእመናን፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንዲት እናት ነበረች፣ ኮምቦልቻ። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ አስናቀው። አስናቀው በጅቡቲ በኩል ባሕር ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። ከሞት የተረፈው ጓደኛው አስከሬኑን ባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ ቀበረው። ከመቃብሩ አጠገብም አንድ ዛጎል አንሥቶ ለእናቱ አመጣላት።

እሷ ግን መርዶውን እንቢ አለች። ድንኳን አላስጣለችም፤ ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። "ያልቀበርኩትን ልጅ ምን ብዬ ላልቅስ?" አለች። እርሟን ሳታወጣ ዛጎሉን ቡፌዋ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዛጎሉ መሽተት ጀመረ! ለካ በውስጡ ይኖር የነበረው ፍጥረት ሞቶ እዚያው በስብሶ ኖሯል። ቀቀለችው። በበረኪና አጠበችው። በመርፌ ጎረጎረችው። መርፌው ከጥምዝማዙ ጫፍ አይደርስማ! ሽታው አንድ ቀን ይጠፋና በማግስቱ ይመለሳል። ሰው ቤቷ መግባት ተወ።

ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት ግን አፍንጫዋን ይዛ ገባች። ባሏ ወታደር ሳለ አሰብ ኖራለች።

"እኅቴ፣ ይሄ በውኃ የሚወጣ አይደለም። እኛ አሰብ ሳለን እንቀብረው ነበር። ጉንዳን ገብቶ ይጠርገዋል።"

"ልቅበረው? የልጄን ማስታወሻ? ከዚያ በፊት እኔን አፈር ይብላኝ!"

"መቅበር እኮ መጣል አይደለም። ካልቀበርሽው እጅሽ ላይ ይበሰብሳል።"

ያቺ እናት ብዙ አንገራገረች። በመጨረሻ ሰኔ ሲገባ ጓሮ ወጥታ ጉድጓድ ማሰች፤ ዛጎሉን አስተኛችው። የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር ስታለብሰው ግን፣ ወየው! "አስናቀው! ልጄን!" ብላ ጮኸች። ታምቆ የከረመው ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ሰፈሩ ደርሶ ከበባት። እዚያው ጓሮ ድንኳን ተጣለ፤ እርሟን አወጣች።

ክረምቱ ሲወጣ ቆፈረችው። በውኃ ለቅለቅ አድርጋ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ንጹሕ! ውስጡ እንደ ሕፃን ጥፍር ሮዝ ሆኖ ያበራል። አሸተተችው፤ ምንም የለም። ወደ ጎረቤቷ ተጣራች።

"እትዬ የሺ፣ ነይ እዪልኝ! መርፌዬ ያልደረሰበት ማን ደረሰ?"

"ጉንዳን ነዋ! አላልኩሽም?" አለች የአሰቧ ሴትዮ።

እናንተስ ምእመናን? ቡፌያችሁ ላይ ምን አለ? ያላለቀሳችሁት ሐዘን? ከወንድም ጋር የተያያዛችሁት ቂም? "ለምን ወሰድክብኝ?" ብላችሁ ከእግዜር ጋር የተኳረፋችሁበት ነገር? ትቀቅሉታላችሁ፣ ታጥቡታላችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ሽቶ ትረጩበታላችሁ። በማግስቱ ያው ነው! ጣሉት ማን አላችሁ? ቅበሩት፤ ለእግዜር አስረክቡት እንጂ። እያለቀሳችሁም ቢሆን አስረክቡት፤ ግድ የለም፣ እርሱ ልቅሶ ያውቃል።

ደግሞ ይህን አስቡ። ያንን ደቃቃ ጉንዳን በጨለማ፣ በዚያ ጠመዝማዛ እየመራ እስከ ጫፉ ያደረሰ አምላክ፣ በትንሣኤ ቀን ወደዚያ ልጅ መቃብር የሚወስደው መንገድ ይጠፋበታል? ያቺ እናት "አይጠፋበትም" ብላ ዛጎሏን ወደ ቡፌዋ መለሰች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?