ትልቁ ይደረግላት

አንዲት ጎመንና ቃሪያ እየተከሉ ልጆች ያሳደጉ እናት ነበሩ፤ ስማቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላል። ካረጁ በኋላ ጥቂት እንደተራመዱ እግራቸው እየደነዘዘ አስቸገራቸው። ጎንበስ ሲሉ ወይም አረፍ ሲሉ ይለቃቸዋል። ነጋዴው ልጃቸው መኩሪያ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ተመረመሩና በታችኛው ጀርባቸው ነርቭ የሚያልፍበት ቦይ ጠቧል ተባለ።

ይህ የተነገረው ግን ለእሳቸው አይደለም። መኩሪያ ሐኪሙን እጁን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣውና በሩን ገርበብ አደረገው። መቼም ልማዳችን ነው! ታማሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ በገዛ ሰውነቱ ሌላ ሰው ይመክርበታል።

"ሁለት መንገድ አለ" አለ ሐኪሙ። "አንዱ የጠበበውን ከፍቶ ነርቩን ማላቀቅ ብቻ ነው። ሌላው ከከፈቱ በኋላ አጥንቶቹን በብረት ማሰር ነው።"

"ትልቁ የቱ ነው?"

"በብረት የሚታሰረው ከበድ ይላል፤ ግን..."

"በቃ እሱ ይሁን! ለእናቱ ትንሹን አስደረገላት ልባል?"

ይኼኔ በሩ ተበረገደ። ወይዘሮ ደብሪቱ መቃኑን ይዘው ቆመዋል።

"እማዬ፣ አንቺ አትጨነቂ፤ እኛ ጨርሰናል" አለ መኩሪያ።

"በማን ጀርባ ነው የጨረሳችሁት? ግቡና ፊቴ ተናገሩ! አንተም ዶክተር፣ 'ግን' ብለህ ነበር፤ እስቲ ጨርሰው።"

ሐኪሙ እያፈረ ገብቶ አስረዳቸው። አጥንታቸው ከቦታው አልተንሸራተተም፤ ስለዚህ ብረቱ የግድ አይደለም። ከታሰረ ያ ቦታ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ማገገሚያውም ይረዝማል። መክፈቱ ብቻ ይቀላል፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ተመልሶ ሊጠብና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

"እኔ ጎንበስ ብዬ ካልኮተኮትኩ ኖርኩ አልልም" አሉ። "ክፈተውና በዚያው ተወው።"

"ቢመለስብሽስ እማዬ? ሰውስ ምን ይለኛል?"

"ቢመለስ የሚያመው እኔን ነው። አንተን የሚያምህ የሰው ወሬ ነው። ለሰው ወሬ ብዬ ብረት አልሸከምም!"

ቀዶ ሕክምናውም እሳቸው ባሉት መንገድ ተደረገ።

ለሌላ ታማሚ ብረቱ ይሻለው ይሆናል፤ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም። ቁም ነገሩ ሕመሙን የሚሸከመው ሰው ምርጫውንም መያዝ አለበት የሚለው ነው። የምንወደውን ሰው ሳንጠይቅ ስንወስንለት ፍቅር ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንጠብቀው የራሳችንን ስም ነው።

እናትህ ብትታመም፣ ምን እንደምትፈልግ የምትጠይቀው ማንን ነው?