ደብሪቱና የጉንዳኖቹ ንግሥት

በድሮ ዘመን፣ ቤቱ ሁሉ ቀፎ በሚሰቅልበት አንድ መንደር፣ ደብሪቱ የምትባል ንብ አርቢ ነበረች። አስተዋይ ናት፣ ዝግተኛ ናት፣ ሳቂታ ናት። የመንደሩ ጭቃ ሹም አየለኝ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ግን ቁጡ!

ልጆች፣ አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ የአህዮቹን ጭነት መንደሩ ዳር አራገፈ። ከጭነቱ ሣር ውስጥ አገሩ አይቷቸው የማያውቅ ቀይ ጉንዳኖች ወጡ። ጫጩት በሉ፣ እህል በሉ፣ ቀፎ ገብተው የንብ እጭ በሉ። ንቦቹ ተሰደዱ። ሰዉም ዕቃውን መሸከፍ ያዘ።

አየለኝ እሳት ለቀቀባቸው። ሣሩ ነደደ፣ የራሱም አጥር ነደደ፤ ጉንዳኖቹ ግን ከመሬት ሥር ሆነው ሳቁ።

ደብሪቱ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጣ፣ በበግ ላት ለውሳ፣ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ አኖረች። በማር ብትለውሰውማ የቀሩት ንቦቿም በበሉት! ላት ግን ንብ አይነካም።

የጉንዳኖቹ ንግሥት ብልጥ ነበረች፤ ቀማሾቿን ጠራች። "ቀድማችሁ ቅመሱት፤ ነገ በሕይወት ካገኘኋችሁ እኔም እበላለሁ" አለች። ቀማሾቹ እዚያው ክልትው አሉ። ሌሎቹ ላቱን ዞረውት አለፉ።

ደብሪቱ ተንበርክካ ይህን ሁሉ አየች። "አሃ! መርዜ ችኩል ነው፤ ከቤታቸው ሳይገባ ይገድላል" አለች። ብርብራውን ቀነሰች፤ መርዙ ቀስ እያለ እንዲወጣም በሰም ለበጠችው፤ ከዚያ ላቱ ውስጥ ደበቀችው።

አየለኝ መጥቶ ጮኸ፦ "አንቺ ሴት፣ ጠላት ታጎርሻለሽ?"

"ጌታዬ፣ ሰባት ቀን ይስጡኝ። እርስዎ ደጅ ያሉትን ይገድላሉ፤ እኔ የምፈልገው እልፍኝ ያለችውን ነው።"

በመጀመሪያው ቀን አዲስ ቀማሾች በሉ፤ ደህና አደሩ። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱ በላች። "ጣፈጠኝ፣ ጨምሩ!" አለች። በሦስተኛው ቀን ልጆቿ ሁሉ በሉ።

በአምስተኛው ቀን "ሆዴን!" አለች። በሰባተኛው ቀን አየለኝ ጉድጓዱን ቢቆፍር፣ ንግሥቲቱ ከነሠራዊቷ ጸጥ ብላለች።

ሰዉ እልል አለ። ሸክም ተፈታ፤ ንቦቹም እየዘመሩ ተመለሱ።

"ይህን ብልሃት ማን አስተማረሽ?" አለ አየለኝ፣ እየሳቀ።

"ጉንዳኖቹ ናቸው፣ ጌታዬ። ዝም ብዬ አየኋቸው።"

አየለኝም ከየቤቱ የመጀመሪያው ማር ለደብሪቱ እንዲሰጥ አዘዘ። በልታ፣ አብልታ፣ ጣቷን ልሳ ኖረች።

ልጆቼ፣ ጠላታችሁን ከመምታታችሁ በፊት እዩት፤ ቀስ ያለ ብልሃት ሥሩን ያገኘዋል። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማ ንገሩ።