ባለ ገበታውና ለስላሳው

ተረቴ መጣች፣ ጆሮ ያለው ይቅረብ!

ድሮ ድሮ፣ መጻሕፍት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። የጻፋቸው አንድ ሰው፣ ጸሎታቸውም ቃል በቃል አንድ ነው። የሚለዩት በልብሳቸው ብቻ ነው። አንዱ ፊትና ኋላው የእንጨት ገበታ፤ ሌላው ለስላሳ የፍየል ቆዳ ብቻ፣ እንጨት የሚባል የሌለበት።

የባለ ገበታው ትዕቢት አያድርስ ነው። «አንተ ልፍስፍስ! እኔ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቼ እነበባለሁ። አንተን ማን ይገልጥሃል?» ይለዋል። ለስላሳውም እውነት እየመሰለው ያዝናል። መጽሐፍ ከመነበብ ሌላ ምን ይመኛል?

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ መልእክት መጣ። «እማማ ዘርፌ ሊያርፉ ነው፤ ጸሎቱን ሳልሰማ አልሞትም ይላሉ።» የደብሩ ቄስ መምሬ ይርዳው ባለ ገበታውን ብድግ አድርገው ጉያቸው ከተቱት። ጠርዙ ጎናቸውን ወጋቸው። «ኧረ በስመ አብ!» አሉና በቅሎዋ ላይ ጫኑት።

በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚወጋኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ባለ ገበታው!»

«ገበታ ካለህ ምሳው የታለ?» አለች፤ አልሄድም ብላ።

መምሬ ለስላሳውን አምጥተው ከሥሩ አነጠፉለት። «ይኸው፣ ለትራስነት በቃህ!» ብሎ ባለ ገበታው ሳቀ። ለስላሳው ከሥሩ ተኛለት፤ በቅሎዋም ተራመደች።

ወንዙ ሞልቷል። መሻገሪያው አንድ ግንድ ብቻ ነው፤ በቅሎ አትሻገርበትም፣ ሰውም ከላዩ የተዘረጋውን ገመድ በሁለት እጁ ካልያዘ ይወድቃል። መምሬ ባለ ገበታውን ከበቅሎዋ ጋር ትተው ለስላሳውን ጉያቸው ሸጎጡት። እንደ ደረታቸው ጎበጠ፤ ሲተነፍሱ አብሮ ከፍ ዝቅ አለ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እወዳለሁ፤ ሲያቅፉት የሚታቀፍ!

ሲመለሱ ባለ ገበታው ለስላሳውን ገና ከሩቅ ጠየቀው።

«እማማ ዘርፌ ሰሙ?»

«እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አረፉ።»

«አትሮንስ በሌለበት በምን ላይ ተነበብክ?»

«በመምሬ ግራ እጅ። አጥፈው ያዙኝ።»

«ቀኝ እጃቸውስ ምን ይሠራ ነበር?»

«የእማማ ዘርፌን እጅ ይዞ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለ ገበታው «ልፍስፍስ» ብሎት አያውቅም።

ልጆቼ፣ ደግ መጽሐፍ አንዱን እጃችንን ለሰው ይተውልናል። ተረቴም እዚህ ላይ ታጠፈች፤ ጉያችሁ ክተቷት።