ሦስት ጊዜ የተጠባው አውራ ጣት

በድሮ ዘመን፣ ዳኛ ዋርካ ሥር ተቀምጦ በሚፈርድበት ጊዜ፣ አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ነበሩ። ሴትዮዋ የሻረግ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እልኸኛ ናት፤ ልጅ የላትም። ሰውዬው ጓንጉል ይባላል፤ ደላላ ነው፤ አፈ ጮሌ ነው፤ ማር ሲያይ ራሱን አያውቅም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ፣ ልጆች፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የሻረግ ክፉ ጎረቤቶች ነበሯት። ክፉ ስላችሁ ዱላ የያዙ እንዳይመስሏችሁ፤ ፈገግ እያሉ ነው። ክርስትና ሲኖር ይጠሯታል፤ ሕፃኑን ግን አያስይዟትም። "እጅሽ ሸክላ ለምዷል፣ ይሻክረዋል" ይሏታል። ትርፌ የምትባለዋማ ስድስት ልጆቿን ደጃፏ ላይ ደርድራ፣ "አንቺ ደግሞ ገንቦሽን እሹሩሩ በዪው" ትላት ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴዎች ወሬ አመጡ። ከሦስት ወንዝ ማዶ ባለው አገር ወረርሽኝ ገብቶ፣ እናት አባት የሞቱባቸው ሕፃናት በዳኛው ግቢ ተሰብስበዋል አሉ። የሻረግ በእጇ ያለውን ሸክላ እንኳ ሳትጨርስ ተነሣች። በቅሎዋን ጫነች፤ ቡልኮዋን ደረበች፤ ባዶ አንቀልባ አነገተች፤ ራሷ በሠራችው ትንሽ ገንቦ ነጭ ማር ያዘች።

ማሩ ለምን? በዚያ ዘመን አንድ ሕግ ነበረ፤ በወዲህም በወዲያም አገር ያው ነው። አውራ ጣትህን ማር ቀብተህ፣ ሦስት ሽማግሌ እያየ፣ ሦስት ጊዜ ያጠባኸው ሰው የጡት ልጅህ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ንጉሥም አይሽረው። የጠባው ሕፃን ይሁን ጢማም፣ ሕጉ አይለይም።

አንዱን ወንዝ ተሻገረች። ሁለተኛውን ተሻገረች። ሦስተኛውን ስትሻገር ጓንጉል ማዶ ቆሞ ጠበቃት።

"እሜቴ፣ እንኳን ደህና መጡ! ለልጅ ነው አይደል?"

"በምን አወቅህ?"

"ባዶ አንቀልባ አንግተው ለሽርሽር አይመጡም። ያገራችንን ደንብ ልንገርዎ። መጤ ሴት የአገሬው ዘመድ ካልቆመላት ሕፃን አይሰጣትም። ዘመድ አለዎት?"

"የለኝም።"

"አለዎት እንጂ! እኔ አለሁ። በቅሎዋን ብቻ ይስጡኝ፤ ነገ ዳኛው ፊት እንቀርባለን።"

በቅሎዋን ሰጠችው። "ነገ" አለ፤ ወር አለፈ። ቡልኮዋን ጠየቃት። ሰጠችው። "ነገ" አለ፤ ሌላ ወር አለፈ፤ ብርዱም ገባ። አገሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራላት አልነበረም፤ "ያቺ መጤ" ነበረች። ሰው አገር ከርማችሁ ካወቃችሁት፣ ይህ ከብርዱ ይብሳል።

የሻረግ ግን በየቀኑ የዳኛው ግቢ አጥር ጋ ትቆማለች። ከአጥሩ ውስጥ ገና ድክ ድክ የምትል አንዲት ልጅ ነበረች። ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣችላት የሞተችው እናቷ ናት። ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ፣ ያንን ሸክላ የለመደ ጣት ጭምድድ አድርጋ ትይዘዋለች። አልሻከራትም።

በሦስተኛው ወር ጓንጉል መጣ፤ ዓይኑ ገንቦው ላይ ነው። "አሁን ደግሞ ማሩን።"

"ማሩ የልጄ ነው።"

"የትኛዋ ልጅዎ? እምቢ አሉኝ? እንግዲህ ያዩታል!"

ቀጥ ብሎ ዳኛው ዘንድ ሄደና ማንጠግቦሽ ለአንዲት ትልቅ እመቤት ቤት እንድትሰጥ ጠየቀ። እመቤቲቱ የፈለገችው ግን ልጅ አልነበረም፤ ስታድግ ውሃ የምትቀዳላት ነበር።

በማግስቱ ዳኛውና ሦስት ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የሻረግም ልጅቷ ለእኔ ትሰጥ ብላ ገንቦዋን ይዛ ቀረበች።

"ጌታዬ፣" አለ ጓንጉል፣ "ይህች መጤ ዘመድ የላትም። ማሯም ማር አይደለም፤ የተልባ ውሃ ነው!"

የሻረግ ገንቦውን ፊታቸው አኖረች። ክዳኑን ከፈተች። ሽታው ዋርካውን አወደው። የጓንጉል ጉሮሮ ከፍ ዝቅ አለ። የሻረግ አየችው፤ ገባት።

"ጌታዬ፣ ከሳሼ ራሱ ቀምሶ ይናገር" አለችና አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ አቀረበችለት።

አንዴ ጠባ። "ማር ነው?" አለ ዳኛው።

"ገና አልለየሁትም። ይድገሙኝ።"

ሁለቴ ጠባ። "ማር ነው?"

"ጭስ ጭስ ይላል። ይድገሙኝ።"

ሦስቴ ጠባ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጢሙ እስኪንጠባጠብ። "ማር ነው?"

"ኧረ ማር ነው! ምን ዓይነት ማር!" ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘዋል።

"አባቶቼ፣" አለች የሻረግ፣ "ስንት ጊዜ ጠባ?"

"ሦስት ጊዜ!"

"ስንት ሽማግሌ አየ?"

"ሦስት!"

"ታዲያ ይሄ ጢማም የማን ልጅ ነው?"

"ያንቺ!" ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች በሳቁ ደንግጠው በረሩ።

"በሕግ አምላክ! እኔ እኮ በዕድሜ እበልጣታለሁ!" አለ ጓንጉል።

"ሕጉ አይለይም" አለ ዳኛው። "ልጅ በእናቱ ላይ አይመሰክርም፤ ቃልህን ጥዬዋለሁ። እሷም የአገሬው ዘመድ አግኝታለች፤ አንተን። የእናትህ በቅሎና ቡልኮ የት አሉ?"

"...ቤት ናቸው።"

"ሂድ አምጣ! እናትህንም እስከ አገሯ አድርሳት!"

ከዚያ ማንጠግቦሽን አመጡ። የሻረግ ጣቷን በውሃ አጠበች፤ ደህና አድርጋ ነው ያጠበችው። እንደገና ማር ነከረች። ልጅቷ አንዴ ጠባች፣ ሁለቴ ጠባች፣ ሦስቴ ጠባች። አራተኛም ጠባች፤ ማንም አልከለከላትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናት በበቅሎ፣ ጓንጉል በእግሩ፣ ማንጠግቦሽ በአንቀልባ በጓንጉል ጀርባ ላይ ሆኑ። በመጀመሪያው ወንዝ ልጅቷ ጆሮውን ጎተተችው። በሁለተኛው ወንዝ ጀርባውን አረጠበችው። በሦስተኛው ወንዝ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱም እንዳትነቃ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ።

ትርፌ ከደጃፏ አየቻቸው። "አንቺ! ይሄ ጢማም ደግሞ ምንሽ ነው?"

"የበኩር ልጄ ነው። ያዘላት ታናሽ እህቱ ናት። ሦስት ወር ሄጄ ሁለት አመጣሁ፤ አንዱማ ጢሙንም ይዞ መጣ። አንቺ ከስድስቱ ስንት ጢማም አለሽ?"

ትርፌ ስድስቱንም አገላብጣ አየቻቸው። አንድም ጢማም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንደር ክርስትና ሲኖር ሕፃኑን መጀመሪያ የምትታቀፈው የሻረግ ሆነች።

ትምህርቱ ይኸውላችሁ፦ ለሕፃን በተያዘ ማር ላይ አፉን የሚያኖር ሰው፣ ሕፃኑን አዝሎ ሦስት ወንዝ ይሻገራል። እናትየዋ ማን ናት ብለው ቢጠይቋችሁም፣ በብርዱ አጥር ጋ የቆመችው ማን ነበረች ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ተረቱን እስከዚህ አዘልኩት፤ አሁን ወደ እናንተ ጀርባ ዞሯል።