ጥቁር ጠጉር ያለበት ገመድ

ድሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሳያወጡ። ሾላ በር በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ቃጫ እየገመደ የሚኖር ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበር። ድሃ ነበር፤ ተጠራጣሪም ነበር። የሚጠራጠረው ግን ሰውን አይደለም፣ የገዛ እጁን ነው። እያንዳንዱን ገመድ አሥራ ሁለት ክንድ አድርጎ ይለካል፤ ደግሞ ይለካል፤ ከዛፍ አስሮ ይንጠለጠልበታል። ጫፉ ላይ ጥቁር የፍየል ጠጉር ይገምድበታል። «ቢበጠስ የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ጥፋቱ በሌላ ሰው እንዳይላከክ» ይል ነበር።

በጥቅምት አንድ መንገደኛ መጣ። በቅሎው ገደል ገብታበታለች። ቢያድግልኝ ስሙን አልጠየቀም፣ አገሩን አልጠየቀም፤ ገመድ ሰጠው።

በጥር ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች መጡ። የቃሬዛው ማሰሪያ ተበጥሶባቸዋል። ስማቸውን አልጠየቀም፣ አገራቸውን አልጠየቀም፤ ገመድ ሰጣቸው።

በሚያዝያ ጉድጓድ ቆፋሪ መጣ። የሚወርድበት ገመድ አርጅቶበታል። እሱንም አልጠየቀው፤ ገመድ ሰጠው።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ወገቧን ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ገመዱን እንደ ጠበል ረጨኸው እኮ! ላሟን የማስራት በመቀነቴ ነው?» አለችው።

«እኔን የሚያስፈራኝስ እንዳይበጠስባቸው ነው» አላት።

ሐምሌ ገባ። ልጃቸው ትበርህ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ የበኩር ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ትመጣለች። ወንዙ ግን ሞላ። ቢያድግልኝ በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ባለው ሾላ ሥር ቆሞ ማዶ ማዶ ያያል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ማዶ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዲት ሴት ተሸፋፍና በቃሬዛ ተኝታለች። ምጥ ላይ ናት። ማን እንደሆነች ግን አይለይም። አንዱ ሰው ገመድ ከዛፍ አሰረ፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ወረወረ። ቢያድግልኝ እግር ሥር ወደቀ። አነሣው። ጥቁር የፍየል ጠጉር!

ደነገጠ። «የኔ ነው! የኔ ከሆነማ ይበጠሳል!» ብሎ ጮኸ።

«እሰረዋ! ምን ተገትረህ ታያለህ!» አለች ማንጠግቦሽ።

ሾላው ላይ አሰረ፤ ደግሞ አሰረ። ሦስት ወንዶች ቃሬዛውን በትከሻቸው አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ገመዱን ጨብጠው ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ገመዱ ተወጠረ፤ ሲጥ አለ። ቢያድግልኝ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባዬ!»

ዓይኑን ገለጠ። ትበርህ ናት። ቃሬዛውን ከሰዎቹ ተቀብሎ አወረደ። ልጇ እዚያው ሾላው ሥር ተወለደ፤ ማንጠግቦሽ መቀነቷን ፈትታ ጠቀለለችው። ስሙንም ተሻገር አሉት።

ያኔ ነው ቢያድግልኝ ገመዱን ልብ ብሎ ያየው። ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። ሦስት ቦታ ጥቁር ጠጉር አለበት። ሦስቱ ተሸካሚዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ወንዝ ያገናኛቸው ናቸው።

«ይቺ በቅሎዬን ያወጣሁባት ናት» አለ አንዱ።

«ይቺ የወንድሜን ቃሬዛ ያሰርኩባት ናት» አለ ሌላው።

ጉድጓድ ቆፋሪው ግን ቢያድግልኝን አየው፤ ገመዱን የሰጠው እሱ መሆኑን ለይቶ አፉን በእጁ ያዘ።

ወንዙ ሠላሳ ክንድ ነው። ቢያድግልኝ በልቡ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከሦስቱ አንዱን ነፍጎ ቢሆን ኖሮ፣ ሃያ አራት ክንድ ሠላሳ ክንድ አያሻግርም። ሄዶ ቃጫውን አነሣ፤ እስኪመሽ ድረስ አዲስ ገመድ ገመደ።

ከዚያ ወዲህ በሾላ በር ዛፍ ላይ ጥቁር ጠጉር ያለበት ገመድ ጠፍቶ አያውቅም። የቸገረው ይወስዳል፤ የገመደ ይተካል። ሳይረዳ በፊት «የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ?» እያለ እንግዳን የሚመረምር ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ይሉታል፦ «ማዶ ያለው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»