ከኩይሳው የረዘመች

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ደርቆ ኩሬ ብቻ በቀረበት ቆላ፣ አራዊት በውኃ መጣላት ሰልችቷቸው ጠባቸውን በጨዋታ ሊጨርሱ ተስማሙ። ጨዋታውም ቅርጫት ኳስ ነበር። በሜዳው ዳርና ዳር በቆሙት ሁለት ዋርካዎች ላይ ወፎች ከሣር የሠሯቸው ቅርጫቶች ተንጠለጠሉ፤ ኳሱ የደረቀ ቅል ሆነ። ከወንዙ ወዲህ አምስት፣ ከወንዙ ማዶም አምስት እየሆኑ ይገጥማሉ። ያሸነፈው ሰፈር እስከሚቀጥለው ግጥሚያ ድረስ ከኩሬው ጥልቁንና ጥሩውን ዳር ይጠጣል፤ የተሸነፈው ጭቃውን ሲያጣራ ይሰነብታል። ዳኛው አንበሳ ነበር። አንበሳ ሲዳኝ ማን ይከራከራል? በሜዳው ላይ ማንም ማንንም እንዳይበላ ቃሉን ሰጠ። ቃሉ ግን ለሜዳው እንጂ ለኩሬው አልነበረም፤ ዳኛም ይርበዋል።

የወዲህ ሰፈር መከታ ቀጭኔ ነበረች። ሥራዋ አንድ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ትቆማለች፣ ቅሉን ወደ ላይ ይወረውሩላታል፣ በአፏ ቀልባ ታስገባዋለች። አትሮጥም፣ አታቀብልም፣ ከቦታዋም ንቅንቅ አትልም። ሰፈሩ ሁለት በጋ ሙሉ በዚህ ዘዴ ጥሩ ውኃ ጠጣ።

ቀጭኔ ግን ጨዋታውን የምትወደው ለማሸነፉ አልነበረም። ውኃ ስትጠጣ የፊት እግሮቿን በርግዳ ያን ሁሉ አንገት እስከ መሬት ማውረድ አለባት። ያን ጊዜ ዙሪያዋን አታይም፤ ቶሎ መነሣትም አትችልም። አንበሳ ከሣሩ ውስጥ ቢነሣባት አለቀላት። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ አራቱ ጓደኞቿ፣ ጥንቸል፣ ጦጣ፣ ሚዳቋና ጅብ፣ ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዙረው ይከቧትና ጠጥታ እስክትጠግብ ይቆማሉ። ማንም ይህን እንደ ውለታ አልቆጠረውም፤ ልማድ ነበር። ለቀጭኔ ግን ከቀኑ ሁሉ የምትጠብቀው ሰዓት እሱ ነበር። በጀርባቸው ታምናቸው ነበር።

አንድ ቀን ማዶዎቹ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። አምስቱም ድንክዬዎች ናቸው፤ ግን ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ያቀብላል፣ ሁሉም ከሩቅ ይወረውራል። ቀጭኔ ዞር እስክትል ቅሉ በእግሮቿ መሀል ሾልኮ ሄዷል። ወዲህዎቹ ተሸነፉ።

አሠልጣኛቸው ቀበሮ ነው። ቀበሮ ተሸንፎ ዝም አይልም፤ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሰበቡም ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። በማግስቱ ቡድኑን ሰበሰበ።

«ዘመኑ ተለውጧል» አለ። «የረጅም ጊዜ አልፏል። ከእንግዲህ ጨዋታ የአጭርና የሁለገብ ነው።»

«ሁለገብ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ጅብ።

«ሁሉን የሚሠራ።»

«ሁሉን የሚበላ እንደ ማለት?»

«ዝም በልና ተለካ!»

ሜዳው ዳር ምስጥ የሠራው ኩይሳ ነበር። ቀበሮ አጠገቡ ቆሞ «ከዚህ ኩይሳ የረዘመ አይሰለፍም!» ብሎ አወጀ። ጥንቸል ጆሮዎቿን አጥፋ ተለካች፤ አለፈች። ጦጣና ሚዳቋም አለፉ። የጅብ ተራ ሲደርስ ትከሻው ከኩይሳው በለጠ። ጅብ ጥቂት አሰበ፤ ጅብ ሲያስብ ያስታውቃል። ከዚያም ዞሮ በቂጡ ተለካ። የጅብ ኋላው ከፊቱ ዝቅ ያለ ነውና አለፈ። «ይኸው!» አለ በኩራት። ቀበሮም የጅብ ጉልበት ያስፈልገው ነበርና አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ቀጭኔን የለካት የለም። ምኗ ይለካል? ኩይሳው ጉልበቷ ላይ ነው።

«ጋሼ፣» አለች ከላይ ሆና፣ «እኔስ?»

«ቅር እንዳይልሽ እመት ቀጭኔ። ጥፋት የለብሽም፤ ቁመትሽ ነው እንጂ።»

«ቁመቴን ታዲያ ምን ላድርገው?»

ቀበሮ ፊቱን ወደ ኩይሳው አዞረ። ጓደኞቿም መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ጥንቸል ብቻ አንዴ ቀና ብላ አየቻት፤ ግን ከሁሉም ታናሽ ናትና በአሠልጣኝ ፊት ደፍራ አልተናገረችም። በቀጭኔ ቦታ ሽኮኮ ገባች።

ቀጭኔን ማንም አላባረራትም፣ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ብቻ ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ተያይዘው ወደ ኩሬው ይወርዳሉ፣ እየተሳሳቁ ይጠጣሉ፣ ተያይዘው ይመለሳሉ። እሷን ማስታወስ የማንም ሥራ አልነበረም። እሷም «እባካችሁ ቁሙልኝ» ብላ መለመን አፈረች። ድሮ ሳትጠይቅ ታገኘው የነበረውን ነገር አሁን መጠየቅ ከበዳት።

ቀትር ላይ፣ ሁሉም ጥላ ሥር ሲተኛ፣ ብቻዋን ወደ ኩሬው ትወርዳለች። እግሮቿን ትበረግዳለች፣ አንገቷን እስከ ግማሽ ታወርዳለች። ሣሩ ኮሽ ይላል። ብድግ! ነፋስ ነው። እንደገና ትሞክራለች። ኮሽ። ብድግ! ቆቅ ናት። እንዲህ ስትል ውላ ከንፈሯን እንኳ በወጉ ሳታርስ ትመለሳለች። ከግራር ቅጠል በምታገኘው እርጥበት ብቻ ኖረች፤ ከሳች፣ የጎድን አጥንቷ መቆጠር ጀመረ። ከሩቅ ላያት ግን ያው ረጅሟ ቀጭኔ ናት፤ ማን ያስተውላል?

የሚያነጋግራት ስላልነበረ ከእምቧይ ጋር መጫወት ጀመረች። ቢጫውን ፍሬ በከንፈሯ ታነሣና ሩቅ ወዳለ የግራር ባላ ትወረውራለች። ሳተች። ደግማ ሳተች። ሌላ ሥራ አልነበረባትምና ቀጠለች። አንድ ቀን እምቧዩ ባላው ላይ ቁጭ አለ። በደስታ ዞር አለች፤ ከኋላዋ ሜዳ ብቻ ነው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። የሚያጨበጭብለትም የለም።

ጨዋታ ሲኖር ከግራሮቹ ኋላ ቆማ ታያለች። ተደብቃ እንዳንል ቀጭኔ የት ትደበቃለች? አንገቷ ከዛፉ በላይ ወጥቶ ይታያል፤ ግን ማንም ቀና ብሎ አያይም። ከሩቅና ከላይ ሲታይ ሜዳው ሌላ ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ተገትራ ሳለች ያላየችውን አየች፤ ማን ባዶ ቦታ ላይ እንደቆመ፣ ማን ሊሮጥ እንዳሰበ። «ጥንቸል በቀኝ ብቻዋን ናት፤ ለጥንቸል አቀብሏት» ትላለች ለራሷ። አይሰሟትም።

እውነቱን ለመናገር ቀበሮ ፈጽሞ አልተሳሳተም። አጫጭሮቹ እየሮጡ፣ እየተቀባበሉ ያሸንፉ ጀመር። ቀጭኔን ይበልጥ ያሳዘናት ይህ ነው። ቢሸነፉ ኖሮ «ያለ እኔ አልሆነላቸውም» ብላ ትጽናና ነበር። እነሱ ግን ያለ እሷ ደህና ሆኑ፤ እሷ ብቻ ናት ያልሆነላት።

በጋው ሲጠና ኩሬው ጠበበ። አንበሳም «የዛሬው ግጥሚያ የመጨረሻ ነው፤ ያሸነፈ እስከ ክረምት መግቢያ ጥልቁን ይጠጣል» ብሎ አዘዘ። ማዶዎቹ ለዚህ ቀን ሰጎንን ይዘው መጡ። ሰጎን ረጅም ናት፤ ግን ከሚዳቋ እኩል ትሮጣለች፣ ታቀብላለች፣ ከፈለገችም ከሩቅ ትወረውራለች።

ቀበሮ ደነገጠ። «ይህቺማ ከኩይሳው ትረዝማለች!» ብሎ ጮኸ።

«እኛ ሰፈር ኩይሳ የለም» አለው የማዶዎቹ አሠልጣኝ ዝንጀሮ።

ጦጣ የወረወረችውን ሰጎን በአንገቷ መለሰችው። ሽኮኮ ስትዘል ክንፏን ዘረጋችባት፤ ሽኮኮ ቅርጫቱ የት እንዳለ ጠፋት። ጅብም ቅሉ በደረሰው ቁጥር አጥንት እየመሰለው ይነክሰው ነበር። የቀበሮ ዘዴ የእምቧይ ካብ ሆኖ ተናደ። ጨዋታው ለዕረፍት ሲቆም ጥንቸል አፍረቷን ዋጥ አድርጋ «ጋሼ፣ እመት ቀጭኔን እንጥራት» አለች። ቀበሮ ራሱ ወደ ግራሮቹ ሮጠ፤ ጥንቸልም ተከተለችው።

«እመት ቀጭኔ፣ ነይ ግቢ!»

ቀጭኔ ቁልቁል አየችው። ይህ ቀን ቢመጣ የምትናገረውን ስታሰላስል ከርማ ነበር፤ ስንት የቁጣ ቃል አዘጋጅታ ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ጠምቶኛል» አለች።

ለቀበሮ ነገር ሁሉ ድርድር ይመስለዋል። «ካሸነፍን ጥልቁን ዳር ላንቺ እናስለቅቅልሻለን። ማንም ሳይደርስብሽ ብቻሽን ትጠጫለሽ።»

«ብቻዬን?» አለች። «ብቻዬንማ ኩሬውን መች አጣሁት?»

ብልጡ ቀበሮ፣ የሁሉን ቁመት የለካው፣ ይህች አልገባችውም። የገባት ጥንቸል ናት። «ጋሼ፣ ብቻዋን መጠጣት አትችልም። እኛ ነበርን የምንቆምላት። ከሰልፉ ስትወጣ ይህንንም ተውነው» አለች። ከዚያም ወደ ላይ አንጋጠጠች። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ውኃ አልጠጣሽም?»

ቀጭኔ አንገቷን ወደ ኩሬው አዞረች። ጥንቸል ወደ ሜዳው ሮጣ ጓደኞቿን ጠራች።

«በጨዋታ መሀል የምን ኩሬ ነው?» ብሎ አጉረመረመ አንበሳ። «እዚያ ለማንም ቃል አልገባሁም፤ አውቃችሁ ግቡበት።»

«እናውቃለን ጌታዬ» አለች ጥንቸል። «ለዚህ ነው ሁላችንም የምንሄደው።»

ወረዱ። ጥንቸል፣ ጦጣ፣ ሚዳቋ፣ ሽኮኮና ጅብ ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዙረው ከበቧት። ቀበሮ ቆሞ ሲያይ ቆየና መጨረሻ ላይ እሱም ተሰለፈ።

«ድሮም አልጠየቅኩም፤ ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለ ጅብ።

«የሚበላት እንዳይመጣ ነው» አለች ጥንቸል።

«ከመጣ ያካፍለናል?»

«አያ ጅቦ!»

«ጠየቅኩ እንጂ» አለና ሣሩን አፍጥጦ ማየቱን ቀጠለ።

ቀጭኔ እግሮቿን በርግዳ አንገቷን አወረደች። ጠጣች። የሚሰማው የጉሮሮዋ ድምፅ ብቻ ነበር። ሜዳ ሙሉ አራዊት ቆሞ ጠበቃት። አንበሳ ጥቂት ራመድ ብሎ አያቸው፤ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ተመልሶ ዋርካው ሥር ተኛ። ቀጭኔም በኩሬው ላይ እንባዋ ይፈስ ነበር፤ ማንም አላየም፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷት ነበርና።

ሽኮኮ ቦታዋን ለቀቀችላትና ጨዋታው ቀጠለ። ሁሉም ቀጭኔን ከቅርጫቱ ሥር ሲጠብቃት እሷ ወደ ሜዳው ጠርዝ ወጥታ ቆመች። ሰጎን ተከትላት ስትወጣ ቅርጫቱ ሥር ባዶ ቀረ። ቀጭኔ ቅሉን ከሁሉ አናት በላይ ለጥንቸል አቀበለች፤ ጥንቸል አገባች። ሰጎን ጥንቸልን ልትይዝ ስትመለስ ቀጭኔ ቅሉን ከሩቅ እንደ እምቧይ ወረወረችው። ገባ። ጨዋታው ሲያበቃ ወዲህዎቹ በአንድ ቅርጫት በልጠው ነበር። ቀበሮም ለሰፈሩ «ሆን ብዬ ነበር ያሳረፍኳት» ብሎ አስወራ።

በማግስቱ ቀትር ሰፈሩ በጭፈራ ደክሞት ተኝቶ ነበር። ቀጭኔ እንደለመደችው ብቻዋን ወደ ኩሬው ወረደች። የትናንቱ ለጨዋታው ሲባል እንደሆነ ለራሷ ነግራ ነበር። ስትደርስ ጥንቸል ውኃው ዳር፣ ጀርባዋን ለኩሬው ፊቷን ለሣሩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«አንቺማ ሣሩ ይበልጥሻል እኮ። ምንም አይታይሽም» አለቻት ቀጭኔ።

«አይታየኝም» አለች ጥንቸል ሳትዞር። «ግን እሰማለሁ። ጠጪ።»

ቀጭኔ አንገቷን አወረደች። ሣሩ ኮሽ አለ። ቀና አላለችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘመን ሲለወጥ ሰልፍን መለወጥ ብልኅነት ቢሆንም፣ ከሰልፍ የወጣውን ጓደኛ ጠምቶት እንደሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ ግን ከሽንፈት የከፋ መሆኑን ነው።